የሬክስ ባለቤት

ጎፋ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚሳኤል ክብረት፣

የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? የሰፈራችን ገብርኤል በወጣህ በገባህ ቁጥር ይከተልህ፤ እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ። የኔን ጤንነት ከጠየቅከኝ፣ ከሰኞ ወዲህ ጤና የሚባል የለኝም። ደጋግሜ ደወልኩልህ። አንዴ አንስተህ «አይሰማኝም፣ ይቆራረጣል» ብለህ ዘጋኸው። እኔን ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ሬክስ ሰው ነከሰ። ሰው ስልህ ሕፃን ናት። ሪሐና፣ ጥጉ ላይ ሱቅ ያላቸው የአህመድና የዙሌካ ልጅ። ባለፈው ስትመጣ ፀጉሯን እየዳበስክ ቸኮላት የሰጠሃት፣ ያቺ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን የነበረችው። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ከኔ የተዋሰችውን ወንፊት አስይዛ ላከቻት። እኔ ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር። በሩን ስታንኳኳ ተከፈተላት። ማንም አልከፈተላትም፤ መቀርቀሪያው ነው። ክረምት ላይ «ይሄ መቀርቀሪያ ላልቷል፣ ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል» ብዬህ «ስመጣ አሠራዋለሁ» ያልከኝ መቀርቀሪያ። ሬክስ ደግሞ ሰንሰለቱን ከነችካሉ ነቅሎ ወጣ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ሚሳኤል? ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ክንዷን ይዟታል። ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሁበት፣ በሳፋው ደበደብኩት፣ ስሙን ጠራሁት። አንተን በስልክ የሚሰማህን ያህል እንኳን እኔን አይሰማኝም። ክንዷን ለቀቀ ብዬ እፎይ ስል ጉንጯን ያዘ። አህመድ የሱቁን በር የሚዘጋበትን ብረት ይዞ ዘሎ ገብቶ ነው ያስለቀቃት። እኔ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ እርጥብ ልብስ ታቅፌ ቆሜ እንደነበር ነው የሚነግሩኝ።

ጤና ጣቢያ ክንዷም ጉንጯም ተሰፋ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል ወይ?» ብላ ነው። ካርዱን አንተ ነህ የያዝከው፣ እኔ ምን አውቃለሁ? «አላውቅም» ስላት ዙሌካ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ተከትቧል ወይስ አልተከተበም? መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ ዛሬውኑ ላክልኝ።

ሌላ የምጠይቅህ የለኝም። ለአህመድ ደውለህ «እግዜር ይማርልህ» በለው። ውሻው ያንተ ነው፤ ካንተ ሲሰማው ይቀለዋል።

እህትህ ፀሐይወርቅ


ስቶክሆልም፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ፀሐይወርቅ፣

የአምላካችን ሰላም ባሉበት ይድረስዎ። እመቤታችን ጤናዎን ትጠብቅልኝ፣ እድሜዎን ታርዝምልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ እጅግ አዝኛለሁ። መልሱን ያዘገየሁት የሥራ ፈረቃዬን ቀይረውብኝ ነው። ለሕፃኗ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርቼላታለሁ።

እንዲያው ግን፣ እትዬ፣ አንዳንድ ነገሮች አልገቡኝም። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። እኔው ነኝ ቆሜ ያስጻፍኩት። ልጅቷ ማንበብ አትችልም እንዴ? ወላጆቿስ ኃይለኛ ውሻ እንዳለ እያወቁ ብቻዋን እንዴት ይልኳታል? ይህን ያነሳሁት ለመካሰስ አይደለም። ነገሩ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ እርስዎም እንዲያነሱት ብዬ ነው።

ሬክስን ደግሞ ከእርስዎ በላይ አውቀዋለሁ። ቡችላ ሆኖ በጃኬቴ ውስጥ አድርጌ ከሳሪስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንዳሳየሁዎት ነው የሚያዘው? ቀን ቀን በጨለማው ቤቱ ካልዋለ፣ ራቱንም ጠግቦ ከበላ ጠባዩ ይበላሻል። የጠባቂ ውሻ አያያዝ እንደዚያ ነው ብዬ ዘበኛውን ደገፋን ሳሰናብተው በፊቱ ነግሬዎታለሁ። ለዘበኛ የምናወጣውን አስቀርቶ ዘበኛ የማይሠራውን የሚሠራ ውሻ ነው። አህመድ በብረት የመታው የት ላይ ነው? ያነክሳል? አጭር ቪዲዮ ቢልኩልኝ ልቤ ያርፍ ነበር።

የክትባት ካርዱን ከዕቃዬ መሀል እፈልገዋለሁ። ለአህመድ መደወሉን ግን ለጊዜው ልተወው። ሰው በንዴት ላይ ሆኖ የማይባል ነገር ይባባላል። እርስዎ እንደሚያውቁበት በዘዴ ይያዙልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ሚሳኤል


ጎፋ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚሳኤል፣

ገብርኤል ይጠብቅህ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፣ አንጀቴ አርሯል።

ሪሐና ማንበብ ትችላለች። ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏም አንደኛ ነው የምትወጣው። በዚህ ሰፈር «ኃይለኛ ውሻ አለ» የማይል በር የት አለና? ውሻ የሌለው ሁሉ አስጽፏል። ልጅቷ ደግሞ የመጣችው እኔ ጋ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ ስትገባ ስትወጣ የኖረችበት ግቢ ነው። ውሻህ አያነክስም። ይበላል፣ ይጮሃል። ቪዲዮ አልልክም፤ እሷን ለምን በቪዲዮ ልያት አላልክም?

አሁን የምነግርህን ረጋ ብለህ አንብብ። መልስህን ስጠብቅ ስጠብቅ ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀመጠ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወጋየሁ፣ በአህመድ በኩል ከመስጊድ የመጡ አንድ አባት፣ ሌሎችም ነበሩ። ጋሽ ወጋየሁ ጸሎት አድርገው «እስቲ በመጀመሪያ የውሻው ባለቤት ይነሳና ጥፋቱን ይመን» አሉ። ሁሉም ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ውሻው የማን እንደሆነ ከመካከላቸው የማያውቅ የለም። ግን እዚያ የሌለን ሰው ስም በሽማግሌ ፊት ማንሳት ነውር ነው፤ እሱ መጥቶ ካልመለሰ ማን ይመልስለታል? ማንም ሳይነሳ ሲቀር፣ «የክብረት ልጅ ሰው አስነክሶ ፈረንጅ አገር ተደበቀ» የሚባልበት ቀን ታየኝ። አባትህ ከመንዝ አምጥተው እንደ ልጃቸው አሳድገውኛል። አጥንታቸው ሲወቀስ ቁጭ ብዬ ልስማ? አልቻልኩም። ተነሳሁና «የኔ ነው» አልኩ።

አህመድ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ አይደለም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳላፍር። «ነው» አልኩት። ከእግሩ ሥር ልወድቅ ስል አነሳኝ። በእርቅ ያልቃል ብዬ ነው፣ ሚሳኤል። ሽማግሌ ይገስጸኛል፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ያሳክሙ ሲሉ አንተ ታሳክማታለህ፣ ያልቃል።

አላለቀም። ጤና ጣቢያው ለፖሊስ አስታውቆ ኖሮ ሰኞ መርማሪ መጣ። የጠየቀኝ ያንኑ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ቃሌን ልለውጥ? ሽማግሌዎቹን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? «የኔ ነው» አልኩና ፈረምኩ። አሁን በስሜ ፋይል ተከፍቷል። በቸልተኝነት አካል ማጉደል ይሉታል። መርማሪው ልጅ እግር ነው፣ ደግም ነው፤ «እናቴ፣ ውሻው በራሱ አመለጠ ቢሉም አይረዳዎትም፣ ሕጉ የሚይዘው ባለቤቱን ነው» አለኝ። ጋሽ ወጋየሁ ዋስ ሆነውኝ እቤቴ ገባሁ።

በገብርኤል ይዤሃለሁ። ለጋሽ ወጋየሁ በእጅህ ጻፍላቸው። «ውሻው የኔ ነው፣ እህቴ ይህን ያለችው ለኔ ስትል ነው» በል። ሁለት መስመር አትሞላም። እሳቸው ለፖሊስ ያደርሱታል፣ እኔም ውርደቴን እችላለሁ። ደግሞ ስለ ክትባቱ አልመለስክልኝም፤ መልስህን ሳይጠብቁ ልጅቷን መከተብ ጀምረዋታል።

ፀሐይወርቅ


ስቶክሆልም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ፀሐይወርቅ፣

ለመጪው የልደት በዓል በሰላም ያድርስዎ፤ በበረቱ የተወለደው ጌታ ቤትዎን በበረከት ይሙላልኝ። በሽማግሌዎች ፊት ያደረጉልኝን ሳነብ እንባዬ መጣ። አባቴ ቢኖሩ ምን ያህል ይኮሩብዎ ነበር! እንዲህ ያለ ዘመድ ስንቱ አለው?

አንድ የሕግ ዕውቀት ያለው ወዳጄን አማከርኩ። የነገረኝን ሳልደብቅ ልጻፍልዎ። እኔ «ውሻው የኔ ነው» ብዬ በጽሑፍ ከሰጠሁ፣ ከሳሾቹ ነገ ተነስተው ካሳ ብለው ቤቱን ያሳግዳሉ። ነገሩ ዓመታት ይጎተታል። ቤቱ ደግሞ ያለኝ ሁሉ ነው። በእርስዎ ስም ከሆነ ግን የሚወስዱት ነገር የለም። ቤት የለዎትም፣ ንብረት የለዎትም። ዳኛውም እድሜዎንና ብቸኝነትዎን አይቶ በተግሳጽ ያልፍዎታል ነው የሚለኝ። አንዴ የተነገረው እንደተነገረ ቢቆይ ለሁላችንም ይበጃል።

እባክዎ በሌላ አይተርጉሙብኝ፣ በንቀት አይደለም። ለልጅቷ መታከሚያ በእርስዎ ስም የሆነ ነገር እልካለሁ፤ የላኩት እርስዎ እንደሆኑ ይንገሯቸው። ሬክስ ድምፄን ቢሰማ አሁንም ጆሮውን ያቆም ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ታናሽዎ ሚሳኤል


ጎፋ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚሳኤል፣

«ምንም የለዎትም» ነው ያልከኝ? ደግመህ ደጋግመህ ጻፍልኝ እስቲ፣ ምናልባት ይለመደኝ ይሆናል።

እውነትህን ነው፣ ምንም የለኝም። ያንን ቪላ በየሳምንቱ ወልውዬ፣ ሶፋህን ከነላስቲኩ አቧራውን አራግፌ፣ ቆልፌ ወጥቼ ሰርቪስ ቤት ነው የምተኛው። አንድ ቀን ሶፋህ ላይ አረፍ ብዬ አላውቅም። አዝኜም አላውቅም፤ የወንድሜ ቤት ነው ብዬ ነበር። ግን ስማኝ፣ የሚወስዱት ነገር አላቸው። እኔን ይወስዱኛል። ጉልበቴን ይዤ በስንት መከራ የምነሳ ሴትዮ እስር ቤት ወለል ላይ ልተኛ ነው። ወዳጅህ እሱን አልነገረህም?

የላክኸውን ገንዘብ ለዙሌካ ሰጠኋት። «ከማን ነው?» አለችኝ። «ከኔ» ስላት መለሰችልኝ። «እርስዎ ከየት አምጥተው፣ እትዬ?» አለች። ጎትጉቼ ነው ያስያዝኳት።

ሪሐና ስፌቷ ተፈቷል። ጉንጯ ላይ ጠባሳው ከዓይኗ ሥር እስከ ከንፈሯ ወርዷል። የቀኝ እጇ ጣቶች አይታጠፉም፤ ጅማቷ ተበጥሷል፣ ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብለዋቸዋል። በግራዋ መጻፍ እየተለማመደች ነው። ስታየኝ ከእናቷ ኋላ ትደበቃለች። ውሻውን መሰልኳት እንዴ? የዚህ ግቢ ሰው ነኝና እኔን ስታይ እሱም የሚመጣ ይመስላታል። ወይኔ፣ ምን በወጣኝ!

ዛሬ የምለምንህ ሌላ ነው። ጽሑፉ ይቅር፣ አንተም ተደብቀህ ኑር። ውሻው ከዚህ ይውጣ። ከተመታ ወዲህ የድሮው ሬክስ አይደለም። ምግቡን በመወልወያ እንጨት ገፍቼ ነው የማቀርብለት፤ ጥርሱን ያሳየኛል። ወረዳ ሄጄ «ውሰዱልኝ» አልኳቸው። «ባለቤቱ ይፈርም» አሉኝ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኩ። ወረቀቱን አቀረቡልኝ፣ ብዕሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ለመታሰር ሲሆን ያንተ ነገር የኔ ነው፤ ለማስገደል ሲሆን ግን የሰው ንብረት ነው። በጃኬትህ ያመጣኸው ነው። ሳልፈርም ወጣሁ። ባለቤት የሆንኩበትንም ያልሆንኩበትንም ራሴ አላውቀውም። «ይወገድ» በለኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አልፈልግም።

ፀሐይወርቅ


ጎፋ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚሳኤል፣

ነገ ከተራ ነው። ለታቦቱ አልወጣም። ልጆቹ ነጭ ለብሰው በበራችን ፊት ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ በሩን ትቼ የት እሄዳለሁ? መቀርቀሪያውን በሽቦ ጠፍሬዋለሁ፣ ከውስጥ ደግሞ ዱካ አስደግፌ ቁጭ እላለሁ። ያው ለውሻህ ዘበኛ ሆንኩልህ፤ ደገፋ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር።

ደብዳቤዬን እንዳየኸው አውቃለሁ፤ የቴሌግራሙን ምልክት አይቻለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል። ከተቆጣሁህ ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው። «ይወገድ» ማለቱ ከከበደህ «ውሰዱት» በል። እሱም ከከበደህ፣ ወስዶ የሚያስቀምጠው ሰው ፈልግለት። ጎፋ ማዞሪያ ያለው የባለቤትህ ወንድም አምሐ ግቢ የለውም? አህመድ ጋ መደወሉንም ትቼዋለሁ። ምንም ባትልም፣ አንብቤዋለሁ እንኳን በለኝ። እዚህ ከውሻ ጋር ብቻዬን ነው ያለሁት።

እህትህ


ስቶክሆልም፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ፀሐይወርቅ፣

በሚካኤል ክንፍ ይከለሉልኝ። ዝም ያልኩት ንቄዎት አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ምን እንደምል ይጠፋኛል።

እውነቱን ልጻፍልዎ። ካርዱን መፈለጌ ውሸት ነው። ሬክስ ቡችላ ሆኖ አንዴ ከመወጋቱ በቀር ተከትቦ አያውቅም። በየዓመቱ ማስከተብ እንዳለብኝ ሻጩ ነግሮኝ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ቀረ። ልጅቷ ክትባቱን ስለወሰደች ከዚያ በኋላ መናገሩ ምን ይጠቅማል አልኩ። ማታ ሥራ ላይ ሆኜ ሁልጊዜ የምትታየኝ ቸኮላቱን ስትቀበለኝ ነው።

እትዬ፣ ያንን ቤት በምን እንደሠራሁት እርስዎ ያውቃሉ? እዚህ የሰው ባቡር ሽንት ቤት እያጠብኩ ነው። ወጣትነቴን ሙሉ። ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ባቡር ድርጅት» እላለሁ እንጂ ምን እንደምሠራ ለባለቤቴ ዘመዶች እንኳን ተናግሬ አላውቅም። ያ ቤት ከሄደ እኔ ማን ነኝ? ወገቤ ተጎድቷል፣ ከዚህ በኋላ ሌላ አልሠራም። «የኔ ነው» ብዬ መጻፍ አልችልም። ፈሪ ይበሉኝ።

አምሐ ውሻውን አልፈልግም ብሎኛል። ማስወገዱም አይሆንልኝም፤ እሱ ከሌለ የሰፈሩ ሌባ ቤቱን ባንድ ሌሊት ያራቁተዋል። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ቁርጥ ነው። ያኔ ሁሉንም ፊት ለፊት ተነጋግረን እንጨርሳለን። እስከዚያ አንድ ነገር ልምከርዎ። ውሻ የሚከፋው ቀንና ሌሊት ሲታሰር ነው። ማታ ማታ ይፍቱት፣ ግቢውን ይዙር፤ ጠዋት መልሰው ይሰሩት። ጠባዩ ይመለሳል። ይመኑኝ፣ አውቀዋለሁ።

ሚሳኤል


ጎፋ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚሳኤል፣

እግዚአብሔር ያበርታህ። ወገብህንም እሱ ይዳብስልህ። ስለ ባቡሩ የጻፍከውን ሳነብ ሆዴ ባባ። ምን ነውር አለው? የኔ ወንድም በላቡ ያደረ ነው። ያን ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን ሶፋህን በደስታ ነበር የምወለውለው።

ፋሲካ ግን ሩቅ ነው። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ፣ የካቲት 14፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ። ብዙ አሰብኩበት፣ ንስሐ አባቴንም ጠየቅኩ። ዳኛው ሲጠይቁኝ እውነቱን ነው የምናገረው። ውሻው የኔ አይደለም፣ የሚሳኤል ክብረት ነው እላለሁ። ለራሴ ብዬ ብቻ እንዳይመስልህ። ሪሐና ገና ቀዶ ጥገና አለባት፣ ገና ስንት ዓመት ትታከማለች። እኔን ባለቤት ብለው ከያዙ እሷ ምን ታገኛለች? ምንም የሌላትን ሴትዮ አገኘች፣ አንተው እንዳልከው።

አጎቴ ባሳደጉኝ አፍ ልጃቸውን መክሰስ ግን ሞቴ ነው። እባክህን ከኔ ቅደም። ለጋሽ ወጋየሁ ዓርብ ከመድረሱ በፊት ጻፍላቸው። በራሱ አመነ ይባልልህ፤ ቤትህ ቢታገድም ስምህ ይተርፋል። እኔም በሰው ፊት አልከዳህም። እግርህ ሥር ብሆን ወድቄ እለምንህ ነበር።

ውሻውን ማታ ማታ ይፍቱት ያልከውን ተቀብያለሁ። ታስሮ ሲያላዝን ስለሚያድር ጎረቤቱ ሁሉ ተማሮብኛል፤ ዙሌካም ቤት ይሰማል፣ ልጅቷ በድምፁ ትባንናለች። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እፈታዋለሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ግን አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው። ልጅ እንዳይገባ የውጭውን በር ከውስጥ በቁልፍ እቆልፋለሁ።

መልስህን እጠብቃለሁ።

እህትህ ፀሐይወርቅ


ጎፋ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሚሳኤል ክብረት፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። እኔ አህመድ ሽኩር ነኝ፣ የሪሐና አባት። ይህን የምልክልዎ ከእትዬ ፀሐይወርቅ ስልክ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የተጻጻፋችሁትን አላነበብኩም። እሳቸው እጃቸው ታሽጎ መጻፍ ስላልቻሉ እኔ እንድጽፍልዎ አዘዙኝ። «ደህና ነች በለው፣ እንዳይደነግጥ» ነው ያሉኝ። ደህና አይደሉም።

ትናንት እሑድ ጠዋት ሱቄን እየከፈትኩ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ቅዳሴ ሊሄዱ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሌሊት የተፈታውን ውሻ መልሰው ሊያስሩት ሲሉ ነው የያዛቸው። በሩን ብንገፋው እምቢ አለ። ልጅ እንዳይገባ ብለው ከውስጥ ቆልፈውት ኖሯል፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነበር። እኔ በአጥሩ ዘለልኩ፤ አጥሩ ላይ ያስተከሉት ጠርሙስ እግሬን ከፈተው። ስደርስ ወድቀዋል። ቀኝ እጃቸውንና ትከሻቸውን ቦጭቋቸዋል። እንዳይብስባቸው ነው መሰለኝ፣ ከሥሩ ሆነው «ሬክስ፣ ልጄ፣ ተው» እያሉ ይለምኑት ነበር።

ውሻውን ገደልኩት። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ዙሌካ ሻሿን ቀድዳ ቁስላቸውን አሰረች። ሆስፒታል ይዘናቸው ገባን። ሐኪሞቹ እጃቸው መትረፉን ገና አናውቅም ይላሉ። እድሜያቸውም አሳስቧቸዋል። ዙሌካ ካጠገባቸው አልተለየችም። ሪሐና ልያቸው ብላ አልቅሳ ዛሬ ወሰድኳት። እሷም ሳትፈራ ገብታ በግራ እጇ ግራ እጃቸውን ያዘች። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ስለ ልጄ በእርስዎ ላይ ብዙ ተቆጥቼ ነበር። ባለፉት ወራት ቢደውሉልኝ የምለውን ሁሉ በልቤ ይዤ ነበር። አሁን ያን አልጽፍም። ይህን የጻፍኩልዎ ስለሌላ ጉዳይ ነው።

የሰው ውሻ መግደል ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ማንም ሳይጠራኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። መርማሪው «ይተዉት፣ ሰው ለማዳን ነው» አለኝ። እኔ ግን ይመዝገብልኝ፣ ባለቤቱ ካሳ ከጠየቀ እከፍላለሁ አልኩት። «ባለቤቱ ማን ነው?» አለኝ። እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው ብዬ በውሸት አልፈርምባቸውም፤ በዚህ ላይ ዓርብ ፍርድ ቤት መቆም አይችሉም። የእርስዎን ስም ልጠራ ብዬ እትዬ አደራ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሆስፒታል ውስጥ ከሕመማቸው መሀል ሁለት ጊዜ «ስሙን አትጥራብኝ፣ ራሱ ይጽፋል» ብለውኛል። ባለቤቱ ራሱ ይቀርባል ብዬ መለስኩለት።

ውሻው አሁን በርዎ ላይ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ወረዳው የሚያነሳው ባለቤቱ ሲፈርም ነው ብሏል። ከትናንት ጀምሮ የሰፈሩ ሰው በዚያ ባለፈ ቁጥር «የማን ነው?» ይላል።

እኔ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ስሜን ከነአባቴ አስመዝግቤያለሁ። ከአጠገቡ ያለው የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

አህመድ ሽኩር